ጧፍ በአምና ዋጋ

በሰኔ መጨረሻ ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ መኪናችን አማኑኤል ከተማ ላይ ተበላሸ። ዝናቡ ሲጠናብኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ተጠለልሁ። ውስጥ አንድ ሽማግሌ የጥጥ ፈትል በቀለጠ ሰም ውስጥ እየነከሩ ያወጣሉ።

“ግባ ልጄ፤ ደጅ የቆመ እንግዳ የባለቤቱ ኀፍረት ነው” አሉኝ።

ሰው አያ አስማማው ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ጧፍ ሠርተው ሸጠዋል። ፈትሉን ይፈትሉላቸው የነበሩት ባለቤታቸው ደብሪቱ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ልጅ የላቸውም። ገና ከመቀመጤ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤት በሬ ሳይቀር አጫወቱኝ። አወራራቸው ቃል ሲጠራቀምበት የከረመ ሰው አወራር ነበር። ምን እንደተማርሁ ጠይቀውኝ የንግድ ሥራ አመራር ብላቸው ሳቁ።

“እንግዲያ የእኔን ንግድ መርምርልኝ፤ በሽተኛው እያጣጣረ ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሠሩት ጧፍ ሁሉ ይሸጣል፤ እሳቸውም አይጠጡም፣ አያባክኑም፤ ሰሙ ግን በየወሩ ያንሳል። ድሮ ማዕዘኑን የሚሞላው ጆንያ አሁን ከግማሽ በታች ነው። እስከ መስቀል ከዘለቁ ትልቅ ነገር ነው።

“ከዚያስ?” አልኋቸው።

“ከዚያማ ሱቁ ከተዘጋ ሰው መልሶ የሚያየኝ በቀብሬ ቀን ነው።”

ይህን ያሉት እንደ ቀልድ ነበር። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።

ዋጋ እንዴት እንደሚቆርጡ ጠየቅኋቸው። ሰሙን በገዙበት ዋጋ ላይ የቀን ድካማቸውን ይጨምራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሰም እጥፍ ቢሆን እንኳ የተሠራውን በቀድሞው ዋጋ ይሸጣሉ። በርካሽ የገዙትን በውድ መሸጥ ያልደከሙበትን መብላት ነው ይላሉ፤ በዚሁ ሥራ የነበሩት አባታቸውም አላደረጉትም። ይህ የኅሊና ነገር እንጂ አለማወቅ አልነበረም። ገበያው በረጋበት ዘመን የአባታቸው ደንብ ማንንም አልጎዳም። ዛሬ ግን ብር በየሳምንቱ ይረክሳል፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜም ሰም ከነጭራሹ አይመጣም።

“አባቴ፣ የአንድ ኪሎ ሰም ጧፍ ሲሸጡ በገንዘቡ ስንት ሰም ይገዛሉ?”

“አሁንማ ኪሎውን አይሞላም። ሩቡ ይጎድላል።”

“እንግዲያ የሚበሉት ትርፉን ሳይሆን ዘሩን ነው። ገበሬ ዘሩን ለይቶ አስቀምጦ ነው የተረፈውን የሚበላ። መጀመሪያ የሸጡትን ያህል ሰም ይተኩ፤ የእርስዎ የሚሆነው ከዚያ በላይ ያለው ነው።”

“ዘሩስ ልክ ነው። ድኻውስ? ለሙታኑ አንዲት ጧፍ የሚያበራ ሰው በምን ይግዛ? ኮሌጁ ይኸንንም አስተምሮሃል?”

“አላስተማረኝም” አልኋቸው።

ዝናቡ ጋብ ሲል እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ አሮጊት መነኩሴ መጡ። ጧፍ ፈልገው ነበር። አያ አስማማው የደረቀው እንዳለቀ ነገሯቸው።

“መቼስ ለእኛ ኖሮህ ያውቃል?” አሉ እማሆይ። “ዘመነ በማለዳ መጥቶ ይጠርገዋል። እኔ ከእሱ ነው የምገዛ፣ በእጥፍ። ያንተ እጅ መሆኑን በአጠማዘዙ አውቀዋለሁ።”

“ለገጠር አብያተ ክርስቲያን አደርሳለሁ ብሎኝ ነበር።”

“እሱስ ነጋዴ ነው፤ በርካሽ ከሰጠኸው ምን ያድርግ?”

አያ አስማማው ፈትሉን አስቀመጡ። ሰሙ ላዩ ረጋ።

“ለካ ይኸን ሁሉ ጊዜ ለዘመነ ነው የጾምሁ።”

ቀስ ብዬ ቀጠልሁ። ምሕረትን በዋጋው ውስጥ ከደበቁት ማልዶ የመጣ ሰው ይወስደዋል፤ ከተረፋቸው ላይ በእጃቸው ቢሰጡ ግን ለማን እንደሰጡ ያውቃሉ። ለሕመም ቀን ጥቂት ብር ይያዙ፤ ሌላውን ሰም ይግዙበት፣ ሰም አይበላሽምና። አከማችቶ ሰው ሲቸገር ማስወደድስ ብለው ጠየቁኝ። እሱን እኔም አልመክርም አልሁ፤ ለሥራቸው የሚበቃውን ያህል ብቻ ያስቀምጡ።

አሁንም አመነቱ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

“ዋጋ ብጨምር ዘመነ መምጣቱን ይተዋል። ጠዋት ጠዋት እንዴት አደሩ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።”

እማሆይ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ። “ጧፍ ካለህ እኛ እንመጣ የለም? ባዶ ሱቅ ምን ልንሠራ እንምጣ?”

አያ አስማማው ፈትሉን መልሰው አነሡ። ከዚያ፣ “እሺ፤ ከነገ ጀምሮ” አሉ።

በጥቅምት ስመለስ አማኑኤል ላይ ሆን ብዬ ወረድሁ። አያ አስማማው ባለጠጋ አልሆኑም። ነገር ግን አንድ ኪሎ በሸጡ ቁጥር አንድ ኪሎ ይተካሉ፤ ከትርፉ በገዙት ሰም ጆንያው ሞልቷል፤ ለሕመም የሚሆን ጥቂት ብርም አላቸው። በየሳምንቱ ሁለት ጧፍ በእጃቸው ለእማሆይ ይሰጣሉ። ዘመነ አንድ ወር ቀርቶ በአዲሱ ዋጋ ሊገዛ ተመልሷል። በመስከረም መንገድ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ ሰም ከከተማው ሲጠፋ የእሳቸው ሱቅ አንድ ቀን አልተዘጋም፤ ዋጋም አልጨመሩም። በሚናወጥ ገበያ ትንሽ ንግድን የሚያቆመው ይህ ነው፤ ዘሩን አለመብላት፣ ለክፉ ቀን ማስቀረት፣ ቸርነትንም ከዋጋ ለይቶ መስጠት።

ስለዚያ ሰሞን ጠየቅኋቸው። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ደጃቸው ላይ ተሰልፎ ነበር፤ እያንዳንዱም ጧፉን እየጠበቀ ያጫውታቸው ነበር።

“ደብሪቱ ካረፈች ወዲህ በአንድ ቀን ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም” አሉኝ። “ሲመሽ ድምፄ ሰልሎ አገኘሁት።”