አማቴ ስልክ ላይ የገባው ጭፈራዬ

አማቴ አባ ይመር አዲስ ስልክ ሲገዙ ኢሜይል ስላልነበራቸው በእኔው ኢሜይል ከፈትኩላቸውና ረሳሁት። ታዲያ ሰሞኑን መካነ ሰላም አጠገብ ያለውን ገብሳቸውን በደቦ ሊያሳጭዱ ጠሩኝ። እኔ ደግሞ ማጭድ ከጨበጥኩ ሦስት ቀን ወገቤ አይቃናም። «ደሴ ስብሰባ አለብኝ» ብዬ ወረኢሉ ወደ ጓደኛዬ ወደ ሰይድ ሠርግ ሄድኩ። እዚያ ትከሻዬ እስኪወልቅ ስጨፍር በስልኬ ፎቶ ያነሱኛል። ከሰዓት በኋላ አባ ይመር ደወሉ፤ ከድንኳኑ ጀርባ ሮጥኩ።

«ስብሰባው እንዴት ነው?»

«አድካሚ ነው አባ፤ ቁጭ እንዳልን ዋልን።»

«ቁጭ ስትልስ አላየሁም» አሉ ረጋ ብለው። «ሰብሳቢዋ ደግሞ ቬሎ ለብሳለች።»

በአንድ ኢሜይል የተከፈቱ ስልኮች ፎቶ እንደሚጋሩ ያኔ ትዝ አለኝ። እሳቸው ቀጠሉ፤ «ደቦው ሁሉ አንተን እያየ ነው ያጨደው። ወላሂ፣ ድካሙም አልተሰማን።»

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። ማታ ቤቴ ገባሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ያላነሳሁት ፎቶ ስልኬ ላይ ገብቶ አገኘሁ። ማሳው ሙልጭ ብሎ ታጭዷል፤ መሃሉ ላይ ብቻ ትንሽ ገብስ እንደ ልጅ ቁንጮ ቆማለች። አጠገቧ አንድ ማጭድ መሬት ላይ ተሰክቷል። ማጭዱን አየሁት፤ ከእኛው ጓዳ የነበረው ነው። ማን እንደወሰደላቸው ባለቤቴን አልጠየቅኳትም። እሷም ቀና ሳትል የሥራ ልብሴን አጣጥፋ ሰጠችኝ።