ከበሩ ኋላ የቀረው ኮት

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል
ዕድሜ፦ 54 ዓመት
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ለጊዜው በባሕሩ ዳርቻ ባለው ሆቴል፣ ክፍል 214
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ ጥር 9 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ጉዳዩ፦ በሆቴሉ የጽዳት ሠራተኛ ላይ የቀረበ የስርቆት ክስ

ከላይ በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከሳሿ የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ እህቴ መሆኗን አስቀድሜ አስመዘግባለሁ።

ወደዚህ አገር ለዕረፍት ለመምጣት ስንሰናዳ፣ በሰፈራችን «ዓለም ዞሩ» የሚባለው ጎረቤታችን እየተመላለሰ ይመክረን ነበር። ይህ ሰው እዚህ የቆየው ከስምንት ዓመት በፊት ለአራት ቀን ብቻ ነው። እሱ እንደነገረን እዚህ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው፤ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ሁሉ ሌባ ነው፤ ፈገግ ያለልሽ ሰው ኪስሽን እያየ ነው። እኔም ሁሉንም አምኜ እንደነበር አልክድም። እህቴ የእናታችንን የወርቅ ሐብል ካልያዝኩ ብላ ስላስቸገረች፣ ሌባ በማይመኘው አሮጌ ኮቷ ገበር ውስጥ በገዛ እጄ ሰፍቼ ደበቅሁት፤ ኮቱንም ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከተትነው። ምስጢር አይችልም ብለን ቤት ለሚቀረው ባሏ አልነገርነውም።

ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሆቴሉ ደጃፍ ስንወርድ የተቀበለን ዝናብና ነፋስ ነው። እኔ በስስ ሸሚዝ ነበርኩ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ያየችው የፎቃችን የጽዳት ሠራተኛ የራሷን ኮት ከመስቀያው አውርዳ «እናቴ፣ እስክትሄዱ ይልበሱት፤ በዚህ ወር እኮ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለችኝ። እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ተጠንቀቂ» አለችኝ።

እህቴ ትልቁን ሻንጣ ማንም እንዳያይባት ሳትከፍተው ከአልጋው ሥር አስገብታ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሐብሉን አድርጋ ፎቶ ልትነሳ ስትከፍተው ያ አሮጌ ኮቷ የለም። ክፍሉን የምታጸዳው ያቺው ሴት በመሆኗ ፖሊስ አስጠራችባት። ቁልፉ ከአንገቷ እንዳልወረደ ባስታውሳት «እነሱ ያለ ቁልፍ ይከፍታሉ ተብሏል» አለችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሴትዮዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ጣቢያ ታስራለች፤ ሆቴሉም ከሥራ አግዷታል።

ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ለእህቴ ባል ስልክ ደውዬ ስለ ኮቱ ጠየቅሁት። «ኮቱማ ይኸው ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ሻንጣው ሲመዘን ከበደ፤ ፀሐይ አገር ኮት ምን ያደርጋል ብዬ እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ እትዬ» አለኝ። ከግራ ብብቱ በታች ያለውን ቡናማ ድርብ ስፌት በምላጭ እንዲተረትር አዘዝሁት። ሐብሉ ወጣ። ፎቶውን ልኮልኝ ለመርማሪው አሳይቻለሁ። የዚያ ጎረቤት አንዱ ምክር ወርቁን ኮት ውስጥ አስከተተኝ፣ ሌላው ምክሩ ኮቱን ቤት አስቀረው፤ የታሰረችው ግን ሁለቱንም ያልሰማችው ናት።

እህቴን ቀስቅሼ ነገርኳት። በደስታ አለቀሰች። ተነሺ ጣቢያ እንሂድ ስላት ግን «ተይው እትዬ፣ ዓርብ ወደ አገራችን እንሄዳለን። አሁን ተሳሳትን ብንል እኛው ነን የምንያዘው። እሷ እንደሆነ ትለቀቃለች፣ ምን ትሆናለች» አለችኝ። በዚህ ንግግሯ ደሜ ፈልቷል። ለሐብል ያለቀሰ ዓይን ለሰው ልጅ አንድ ጠብታ አጣ። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ቢሉኝም እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ሰኞ ዕለት «አይመስለኝም» አልኩ እንጂ «አልሰረቀችም» ብዬ አልተሟገትኩላትም። ቅዳሜም ኮቷን ከመልበሴ በፊት አንዳች ነገር ከትታብኝ ይሆናል ብዬ ኪሶቹን ፈትሻለሁ። የተገኘው አንድ ማበጠሪያ ነው።

ቃሌ ተነብቦልኝ ያልኩት ሁሉ እንዳለ መስፈሩን አረጋግጫለሁ። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቃለሁ፤ እህቴ ብትቀየመኝም አላነሳውም።

የምስክሯ ፊርማ ............
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ............

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ምስክሯ የለበሱትን ኮት አውልቀው ለጽዳት ሠራተኛዋ እንዲሰጥ ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ወጥተዋል። በወጡበት ሰዓት ዝናቡ አላባራም ነበር።

ከቀኑ 6፡45 ሰዓት፦ ከእስር ስለቀቅ ኮቴን ከነማበጠሪያው ተረክቤያለሁ።
የጽዳት ሠራተኛዋ ፊርማ ............