ከአዲስ አበባ የመጣው የነገሌ ዴስክ

ወደ ትምህርት ቤት ልሄድ በተሳፈርኩበት፣ ወደ ገበያ በሚሄደው ባጃጅ ውስጥ አንዲት ሴት መጋዝና መላጊያ ታቅፈው የተቀመጡትን አናጢ ጠየቀቻቸው።

«አካም፣ ጋሼ! ዕቃውን ሁሉ ይዘው ወዴት ነው?»

«ናጋ። ልሸጠው ነው፣ ልጄ።»

«ኧረ! የትምህርት ቤቱን ዴስክ ለመሥራት ቅድሚያ ለአካባቢው አናጢ ነው ተብሎ አልነበር?»

«ተብሏል። ስብሰባው ላይ አጨብጭበናል።»

«ታዲያስ?»

«አንድ ነጋዴ መጣና እዚሁ ነገሌ ሱቅ ተከራይቶ ታፔላ ሰቀለ። ዴስኩ ግን ተሠርቶ አልቆ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ መጣ።»

«አቤት አላሉም?»

«ብያለሁ። ‹አድራሻው ነገሌ ነው፤ እሱም የአካባቢው ሰው ነው› አሉኝ።»

«አንቱንስ ዝም ብለው ተዉዎት?»

«እኔንማ ጠሩኝ።»

«ጎሽ! አልረሱዎትማ።»

«መንገድ ላይ የተሰበረውን እንድቸነክር ነው የጠሩኝ።»

ትምህርት ቤታችን በር ላይ ስወርድ፣ ዛሬስ ቆሜ ብማር ብዬ ተመኘሁ።