ኮዳ ስር የቀረች ውሃ

ከሳቢያን ሰፈር ታክሲ ተሳፍሬያለሁ፤ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ኦጋዴን ከዘመተው እግረኛ ጦር ጋር እንደነበሩ አጠገባቸው ላለችው ሴት ያወራሉ።

«ወንድሜም እዚያው ቀረ፣ ጋሼ። እናቴ ‹ልጄን ውሃ ጥም ገደለው› እያለች ነው ያለፈችው።»

«አሸዋው ቀን ቀን ባህር ይመስላል። ወደሱ የሮጠም አለ።»

«ውሃ ግን ነበራችሁ?»

«ኮዳ ስር የምትቀር አንድ ጉንጭ። እሷን ማንም አይነካትም። የወደቀ ሰው ከንፈሩን ሳናረጥብ አንቀብርም ነበር።»

«እናንተስ ሳትጠጡ?»

«እኛማ ኖርን አቦ።»

«ወንድሜ ግርማ ነው ስሙ። ያውቁታል?»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ።

«ግርማ የሚባሉ ብዙ ነበሩን፣ እህቴ። ሁሉም ጠጥተዋል።»

መውረጃዬ ቀፊራ ሲደርስ «ወራጅ» ሳልል አብሬያቸው አለፍኩ።