የዶክተር ፍሬህይወት ያየህ የመጨረሻ የባሕር ውኃ

ዶክተር ፍሬህይወት ያየህ ከአባታቸው ከአቶ ያየህ ማናዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ አምሳል ደሳለው፣ በፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር፣ ነሐሴ ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. የርብ ወንዝ ሞልቶ አዋላጇ መሻገር ባቃታት ቀን ተወለዱ፤ እኔ ታናሽ ወንድማቸው የሻው ነኝ፤ እኅቴ ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ ረግተው እንደማያውቁ እመሰክራለሁ።

ትምህርታቸውን በወረታ ጀምረው ሥነ ሕይወት ካጠኑ በኋላ፣ ባሕር አይተው የማያውቁት እኅቴ ኖርዌይ ተሻግረው፣ የባሕር ጃርት በሚባለው እሾሃም የባሕር እንስሳ እንቁላል ላይ የዶክትሬት ጥናታቸውን ሠሩ። የወንዱ ዘር እንቁላሉን እንደነካ ከዚያው ጎን ካልሲየም ይለቀቅና፣ ርብ ሜዳችንን እንደሚያዳርሰው፣ በግማሽ ደቂቃ እንደ ሞገድ ማዶው ይደርሳል፤ እርሱን ተከትሎ የእንቁላሉ ሽፋን ይነሣና ሌላ ዘር እንዳይገባ ይከለክላል፤ ሕይወትም ይጀምራል።

አገራቸው ተመልሰው ሃያ ዓመት አስተማሩ፤ ከመምህር ባየህ ጋርም ትዳር መሠረቱ። ልጅ ግን አልወለዱም፤ እናታችንም የባሕር አውሬ እንቁላል ስትጠብቅ ዕድሜዋ አለቀ እያሉ አምርረው ያዝኑ ነበር።

አምና ታመው እናታችን ቤት ሲገቡ አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ገቡ፤ መተኛት እያንገበገባቸው በቀን አሥር ጊዜ ይነሡ ነበር። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይሞቱ ያንን የሕይወት አጀማመር ለእናታችን ማሳየት። እኔም ከጅቡቲ ጭነት የማመላልስ ሹፌር ነኝና፣ ጃርቶቹን በባልዲ፣ የባሕር ውኃውን በቢጫ ጀሪካን አምጥቼ፣ ለማራገፍ ስጣደፍ ምን እንደሆነ ሳልናገር ደጃፍ ላይ ትቼው ሄድሁ። እናታችን ጠበል መስሏቸው በማግስቱ ማለዳ አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ እኅቴ ላይ አፈሰሱት። እኅቴ ጨዉ አፋቸው ሲገባ ነገሩ ገባቸውና ሣቁ እንጂ አልተቆጡም፤ ጃርቶቹ ግን የሚለወጥላቸው ውኃ አጥተው ሞቱ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእናታችን አይደለም።

ያንለቱን ወደ ጅቡቲ ተመልሼ ነዳሁ። ትናንት ማታ ጃርትና የባሕር ውኃ ዳግመኛ ይዤ፣ ወረታ ልገባ ጥቂት ሲቀረኝ ሐሙሲት ስደርስ ስልክ ተደወለ፤ እኅቴ በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው አርፈዋል።

ዛሬ ማለዳ፣ አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ፣ ጃርቶቹ እስከ ከሰዓት በሕይወት የሚቆዩ ስላልነበሩ፣ ተማሪያቸው መባ መነጽሩን መስኮት ሥር አቁማ እንቁላሉን ከዘሩ አገናኘችና እናታችንን ደግፋ አስቀመጠቻቸው። የካልሲየሙ ሞገድ በዚያ መነጽር አይታይም፤ የሽፋኑ መነሣት ግን ይታያል። እናታችን ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን አላነሡም። ከዚያም፣ «ልጄ ስታየው የኖረችው ይኸን ኑሯል? ምነው አብረን ባየነው!» አሉ።

ዶክተር ፍሬህይወት እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ተማሪዎቻቸውንና በጥቂት ሰዓት የዘገየውን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። መቀመጥ የማያውቁትን እኅቴን እግዚአብሔር በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ እናታችንን ያጽናልን፤ እኔንም ይቅር ይበለኝ። አሜን።