ጉም ውስጥ የቀረችው ልጅ

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ከበየዳ ለሕክምና ደባርቅ እኛ ቤት የመጡ ሰሞን ነው። እሁድ ከሰዓት ልጄ ከመጽሐፍ የተሠራ የልጆች ፊልም ከፈተች። አንዲት ልጅ በዋሻ አልፋ እንስሳት የሚናገሩበት አገር ትገባለች። አማቴ ቋንቋውን ስለማይሰሙ ልጄ እየተረጎመችላቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በጥሞና ያያሉ። ልጅቱ ወደ እናቷ ስትመለስ መንገድ ላይ ጉም ዋጣት። ዲቪዲው ተጭሮ ኖሮ እዚያው ላይ ቀጥ አለ። ብንጠርገውም፣ አውጥተን ብናስገባውም እምቢ አለ። አማቴ "መንገደኛ ጉም ውስጥ ይተዋል?" አሉ። በማግስቱ አገራቸው ገቡ።

ሁለት ሳምንት ቆይተው ደወሉ። እንደ ወጉ ልጆቹን፣ ጎረቤቱን፣ ላሟን ሳይቀር አንድ በአንድ ጠየቁ። ስልኩን ልዘጋ ስል "ያች ልጅስ፣ እናቷ ቤት ገባች?" አሉኝ።

መጽሐፉን እኔም ልጄም አንብበነዋል። ልጅቱ አትመለስም።

"ገብታለች አባባ፤ በሰላም ገብታለች" አልኳቸው።

"ተመስገን። ክርስትና ስሟን ባላውቅም በጸሎቴ አነሳት ነበር።"

ዞር ስል ልጄ አጠገቤ ቆማለች። ውሸቴን ሰምታለች። ምን ልትለኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣

"እናቷ ደስ እንዳላት ለምን አልነገርሻቸውም?" አለችኝ።