የአቶ አምባዬ የጥድ ጉቶ

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲዳዳው፣ አቶ አምባዬ ልደታ ማርያምን ተሳልመው ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ጣራ ሥር ተጠለሉ። እዚያው ችግኝ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ ያቀፈች ወጣት ቆማ አገኙ። የጎረቤታቸው ልጅ የሺሀረግ ናት፤ የእርሻ ትምህርቷን ጨርሳ በችግኝ ጣቢያ ሥራ ከያዘች ገና ዓመቷ ነው።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ አምባዬ? ለእሑዱ የጽዳት ዘመቻ ተዘጋጁ?»

«ምን እዘጋጃለሁ ልጄ። በየደጁ ያለ ጉቶ ሁሉ ይነቀላል ተብሎ ተለፍፏል። የእኔንም ቆጥረውታል። እኔ ግን አላስነካም።»

አቶ አምባዬ ከፖስታ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ለሰው ሁሉ ከመቀመጫቸው የሚነሡ ጨዋ ናቸው። የዚያ ጉቶ ነገር ከተነሣ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ጥዱን የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተከሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰፋሽ ነበሩ። እሳቸው ባረፉ በወሩ ዛፉ የመብራት ሽቦ ነካ ተብሎ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ያውም ቧንቧ በየቀኑ በሚጠፋበት ሰፈር፣ በየማለዳው አንድ ጣሳ ውኃ ጉቶው ላይ ያፈሳሉ። እንጨቱ ሲርስ የጥድ ሽታ ቀስ ብሎ ይነሣል። አቶ አምባዬም ዓይናቸውን ከደን አድርገው ይቆማሉ። ያን ጊዜ አሰፋሽ ነጠላዋን እያስተካከለች ከጓዳ ብቅ የምትል ይመስላቸዋል፤ የእርምጃዋ ድምፅ ሁሉ ይሰማቸዋል። ዓይናቸውን ሲገልጡ ማንም የለም። ቢሆንም ነገ ሌላ ማለዳ ነውና ብዙም አይከፋቸውም።

«ለምንድን ነው የማያስነኩት?» አለች የሺሀረግ።

«ይበቅላላ። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ አያቆጠቁጥም? ሜክሲኮ አጠገብ የተቆረጡትን አላየሽም? ዓመት ሳይሞላቸው የሰው ቁመት አለፉ።»

አንባቢ እዚህ ላይ አይሳቅባቸው። ባሕር ዛፍ ከተማችንን ከሞላት ወዲህ፣ እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ዛፍ ሁሉ ተቆርጦ የሚመለስ ይመስለናል።

«ጋሽ አምባዬ፣ ቢቀየሙኝም እውነቱን ልንገርዎት። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም። አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አያቆጠቁጥም።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ። «የምትማሩት ይህንን ነው? የሰው ተስፋ መቁረጥ?»

«ኧረ በጭራሽ። እኔም ጉቶው እንዲነቀል አልፈልግም። ሥሩ የደጅዎን አፈር ይዟል፤ እሱ ከወጣ ጎርፉ አጥርዎን ይዞት ይሄዳል። ደግሞ ጥድ ቶሎ አይበሰብስም። መሐሉን በመሮ ፈልፍለን፣ ውኃ መውጫ ቀዳዳ አበጅተን፣ ጠጠር፣ አፈርና ፍግ ብንሞላው ያማረ የአበባ መደብ ይሆናል። የተተከለ አበባ ደግሞ ዘመቻው አይነቅልም።»

«ፈልፍለን አልሽ?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እሷን በእጄ ቀበርኩ። የዚህን ደግሞ ሆዱን በእጄ ልዘርግፈው?»

 ዝናቡ ሲያባራ ጎን ለጎን ሆነው፣ ጭቃውን እየዘለሉ እስከ ሽማግሌው ደጅ ሄዱ። ልጅቷ ጉቶው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቅርፊቱን በጥፍሯ ሳብ ብታደርገው ያለ ምንም ትግል ተላቀቀ። ከቅርፊቱ ሥር ያለው እንጨት ደረቅና አመድማ ነው። አቶ አምባዬ አልደነገጡም። አምና እሳቸውም ልጠው አይተውት ነበርና። አይተው፣ ማንም ሳያያቸው ቅርፊቱን ወደ ቦታው መልሰው ለጥፈውታል።

«ማጠጣቱን ይተዉ አልልዎትም» አለች የሺሀረግ ቀና ሳትል። «ያጠጡ። ግን ውኃው የሚጠጣው ያግኝ።»

ሰውዬው የተላቀቀውን ቅርፊት ከእጇ ተቀበሉ። ከዚያ፣ «አሰፋሽ ጤና አዳም ትወዳለች» አሉ። «እጇ ሁልጊዜ ጤና አዳም ጤና አዳም ነው የሚሸተው።»

ቅዳሜ ጧት የሺሀረግ መሮና መዶሻ ተውሳ መጣች። የመጀመሪያውን ምት አቶ አምባዬ ራሳቸው መቱ። ከእንጨቱ ውስጥ የወጣው ሽታ ሦስት ዓመት ሙሉ በውኃ ሲቀሰቅሱት ከነበረው እጅግ የበረታ ነበር፤ ግቢው ሁሉ በሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ መሰላቸው። መሮውን አስቀምጠው አለቀሱ። እስከ ማታ ሲፈለፍሉ ዋሉ። ፍልፋዩን አልጣሉትም፤ ብል እንዳይገባው ብለው በሣጥን ባለው የባለቤታቸው ልብስ መሐል በተኑት። ጉቶው ውስጥ ጤና አዳምና በሶብላ፣ በዳርና ዳሩ ደግሞ ጣሊያኖች በየበረንዳው ይተክሉት የነበረውን ቀይ አበባ ተከሉ።

እሑድ የዘመቻው ሰዎች ዶማና አካፋ ይዘው መጡ። አለቃቸው ሙለታ ዝርዝሩን አየ፣ ጉቶውን አየ፣ ከዚያም እርሳሱን አውጥቶ ሰረዘውና ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።

ጥቅምት ላይ፣ አበባው ዳር ዳሩን ሲያለብሰው፣ ከማዶ ያሉት ጎረቤታቸው ወይዘሮ እንዳለች ሊያዩ መጡ። በእሳቸውም ደጅ የሟች ባላቸው የዝግባ ጉቶ አለ፤ የዘመቻውንም ሰዎች አላስነካ ብለው አጥረውታል። አቶ አምባዬ ወንበር ሰጥተው አስቀመጧቸውና፣ የሺሀረግ እየሰማች፣ ጥቅሙን በዝርዝር አስረዷቸው። ሥሩ ክረምቱን ሙሉ አጥሩን እንዴት እንደያዘላቸው፣ ቅጠሉ ለወጥም ለሆድ ቁርጠትም እንዴት እንደሚደርስ፣ ጠዋት ጠዋት ንቡ እንዴት እንደሚመጣ፣ ዱሮ ፊቱን አዙሮ ያልፍ የነበረው መንገደኛ አሁን ቆሞ «ደኅና አደሩ» እንደሚላቸው ነገሯቸው።

«እኔ እንጃ አቶ አምባዬ» አሉ ወይዘሮ እንዳለች። «እሱ የተከለው ነው። መሮ ሲያርፍበት ማየቱን አልችለውም።»

«ያስቸግራል። አልዋሽዎትም፣ እኔም አልቅሻለሁ» አሉ አቶ አምባዬ። «ግን ይስሙኝ። ባለቤቴ ሞተች። ሞተችና እኔ ሦስት ዓመት ደረቅ እንጨት ሳጠጣ ኖርኩ። እርስዎ ይህን ያህል አይቆዩ።»

«ሞተች» ሲሉ የሺሀረግ የሰማቻቸው ያን ቀን ገና የመጀመሪያዋ ነበር። ወይዘሮ እንዳለች ቀዩን አበባ ጥቂት ሲያዩ ቆዩና፣ መሮው ከማን ዘንድ እንደሚገኝ ጠየቁ።